ምዕራፍ ሰባት፦ ስንዴው ለዶማው፣ ዕዳው ለመሬቱ

በምግብ ለሥራ ዘመን የአንድ ሰው የአንድ ቀን ድካም 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ያወጣ ነበር። በወሎ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በሐረርጌ ገጠር ለብዙ ቤተሰብ ያ ስንዴ ልጅ ያሳደገ፣ ክረምት ያሻገረ ስንዴ ነው። በዚያ ስንዴ ተራራው ተቆፈረ፣ ድንጋዩ ተካበ፣ ቦረቦሩ በክትር ተዘጋ፣ ችግኝ በሚሊዮን ተተከለ። ከ1965 እና ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ የተጀመረው ሥራ በ1970ዎቹ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ሰፍቶ፣ በአፍሪካ ከነበሩት የምግብ ለሥራ ፕሮግራሞች ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ።

ከዚያ ደርግ ወደቀ፤ ብዙ እርከንም አብሮ ፈረሰ። ያፈረሰው ጎርፍ አይደለም። በእጁ የሠራው ገበሬ ራሱ ነው።

ይህን የሰሙ የከተማ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ ገበሬው አልገባውም፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገበሬው ሒሳብ ሠርቶ ነው ያፈረሰው፣ ሒሳቡም ልክ ነበር። አብረን እንሠራዋለን። መጀመሪያ ግን መንግሥት አንድን ሰው የገዛ አፈሩን እንዲጠብቅ ለምን ይከፍለዋል የሚለውን እናንሳ።

አፈሩ የማሳው ነው፤ ታጥቦ ቢሄድ የሚራበው ባለማሳው ነው። ታዲያ ክፍያ ምን አመጣው? ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሳ የወጣ አፈር ጉዳቱን ሁሉ ለባለቤቱ ትቶ አይሄድም። የቆቃ ግድብ ሐይቅ በደለል የጠበበው በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ ካሉ ማሳዎችና የግጦሽ መሬቶች በወረደ አፈር ነው፤ በመብራት መጥፋት የሚማረረው ግን ከተሜው ነው። የጥበቃው ጥቅምም እንዲሁ ተበታትኖ ነው የሚመጣው። እርከኑ ዘንድሮ ይሠራል፣ አፈሩ ከዓመታት በኋላ ይደላደላል፣ ምንጩ ቁልቁል ባለው ቀበሌ ይጎለብታል። ወጪው ግን ዛሬ ነው፣ ያውም በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ። መንግሥት መሀል ገብቶ የሚከፍለው ይህን የተዛነፈ ሚዛን ለማቃናት ነው።

ሚዛኑ ምን ያህል እንደተዛነፈ ከተነገረ ቆይቷል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1978 ዓ.ም. ያጠናቀቀው የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ጥናት በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር ይሸረሸራል ብሎ ገመተ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ደግሞ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን በየዓመቱ እንደሚሄድ አሰላ። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል እህል ማግኘት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ገበሬው አንድ ኩንታል እህል ወደ ጎተራው ሲያስገባ ከ20 ኩንታል በላይ አፈር ወደ ወንዝ ይሸኝ ነበር ማለት ነው።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ በድርቅና በግድ የለሽ እርሻ አቧራ ሆኖ ተነሣ፤ ሰማዩ በቀትር ጠቆረ፣ ቤተሰቦች አገር ጥለው ተሰደዱ። ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት የሚባል የአፈር ባለሙያ ምክር ቤቱን ሲወተውት ቆይቶ በሚያዝያ 1935 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመለት። የዚያ አስተሳሰብ የልጅ ልጅ የሆነው በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮግራም ነው። ገበሬው በቀላሉ የሚሸረሸር መሬቱን ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ያለብሰዋል፤ መንግሥት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚቆይ ውል በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል፤ ሣሩን ለማልበስ ከወጣው ወጪም ግማሹን ይሸፍንለታል። በ2007 እ.ኤ.አ. በዚህ ውል የታቀፈው መሬት ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ደረሰ። ከዚያ ከበቆሎ ነዳጅ መጭመቅ ተስፋፋና የበቆሎ ዋጋ ከኪራዩ በለጠ፤ ውላቸው ያለቀ ብዙ ገበሬዎችም ሣሩን ገልብጠው አረሱት። ባለጠጋው አገር ገበሬም ሒሳብ ያውቃል።

ቻይና በ1998 እ.ኤ.አ. በያንግትዜ ወንዝ ሙላት ከተመታች በኋላ በማግሥቱ ዓመት በሦስት ክፍለ ሀገሮች፣ በሲቿን፣ በሻአንሲና በጋንሱ፣ ሌላ ሙከራ ጀመረች። ከ25 ዲግሪ በላይ ቁልቁለት ያለው ማሳ ዛፍ ይተከልበት ተባለ። ለዚህም ገበሬው በቢጫ ወንዝ ተፋሰስ ለአንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል፣ በያንግትዜ ተፋሰስ 22 ኩንታል ተኩል እህል ይሰጠው ጀመር። በዚያ ላይ በየዓመቱ 300 ዩዋን፣ ለችግኝ መግዣ ደግሞ አንድ ጊዜ 750 ዩዋን ያገኛል። ክፍያው ሣር ለዘራ 2 ዓመት፣ ፍሬ ለሚሰጥ ዛፍ 5 ዓመት፣ ለጥበቃ ደን 8 ዓመት እንዲዘልቅ ተወሰነ። ቀበሌው ስንት ሰው አሰለፈ፣ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ ብሎ የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ስንት ሄክታር ማሳ ማረስ አቆመ የሚል ነበር።

ሁለቱ አገሮች በሀብትም በአገዛዝም አይገናኙም፤ በዚህ ግን ይገናኛሉ፦ የሚከፍሉት ለመሬቱ ነው። ሰውየው ከማሳው ያጣውን ያህል ገምተው፣ ያን ባጣበት ዘመን ሁሉ በየዓመቱ ይሰጡታል። የእኛ ስንዴ ግን የተሰፈረው ለዶማው ነበር።

ልዩነቱ የት ላይ እንደሚያም ለማየት ቁልቁለቱ 10 ከመቶ የሆነ የአንድ ሄክታር ማሳ እንውሰድ። ጠዋት ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። ሁለቱ በየጫፉ ዘንግ ይይዛሉ፤ በዘንጎቹ መሀል 10 ሜትር ሲባጎ ተወጥሯል። ሦስተኛው በሲባጎው እምብርት ላይ የተንጠለጠለውን ውኃ ልክ እያየ «ትንሽ ከፍ በል፣ አሁን ዝቅ፣ እዚያው ላይ ቁም» እያለ ያዛል፤ በቆሙበት ችካል ይመታል። ችካሎቹን ተከትሎ በሬ ያርሳል፣ ከዚያ ዶማና አካፋ ይገባል። ቦዩ ከላይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ከታች ይቆለልና በእግር ይረገጣል። ከኬንያ የመጣውና ፋኛ ጁ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው፤ አፈሩ ሽቅብ ይወረወራል፣ ያም ወገብ ይቆርጣል።

በግብርና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት በእንዲህ ዓይነቱ ማሳ መሬቱ 1 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ እርከን ይወጣል። 10 ከመቶ ቁልቁለት ላይ ይህ በየ10 ሜትሩ አንድ መስመር ማለት ነው። ማሳው 100 በ100 ሜትር ከሆነ አስር መስመር ይኖረዋል፤ ተደምሮ 1 ኪሎ ሜትር። ለ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን የተመደበው የሥራ ልክ 150 የሰው ቀን ነው። በ3 ኪሎ ሲባዛ አራት ኩንታል ተኩል ስንዴ ይሆናል፤ ዘይቱም 18 ኪሎ ይደርሳል።

ለአንድ ሄክታር አራት ኩንታል ተኩል ክፉ ክፍያ አልነበረም። ጥያቄው ለማን ደረሰ ነው። ስንዴው የተከፋፈለው ለቆፈሩት ሁሉ ነው። ባለማሳው ከሰፈሩ ሰው ጋር ተሰልፎ አስር ቀን ቢቆፍር 30 ኪሎ ይዞ ይገባል። አስር ቀን አብሮት የቆፈረው፣ ማሳው ሜዳ ላይ በመሆኑ እርከን ያልነካው ጎረቤቱም 30 ኪሎ ይዞ ይገባል። በማግሥቱ ግን ኑሯቸው ይለያያል። ቦዩና ቁልሉ ተደምሮ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ይይዛል፤ አስር መስመር ሲሆን ከሄክታሩ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ሊታረስ አይችልም። ማሳው 12 ኩንታል ይሰጥ ከነበረ በየዓመቱ ቢያንስ 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ቀረ። አንድ ጊዜ ለተቀበለው 30 ኪሎ በየዓመቱ 120 ኪሎ ይከፍላል። ጎረቤቱ አይከፍልም።

ይህ ቁልቁለቱ ለስለስ ሲል ነው። መሬቱ ቀጥ እያለ በሄደ ቁጥር መስመሮቹ ይቀራረባሉ፣ የሚበሉት መሬትም ይጨምራል። በእርከኑ ጥግ ሣርና አረም ይበቅላል፤ አይጥ ይራባበታል፣ አይጧ እሸቱን ትጨርሳለች። ጥማድ በሬ በጠባብ እርከን ላይ እንደ ልብ አይዞርም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ቦዩ ውኃውን አቁሮ ሰብሉን ያቢጫል። እነዚህን ቅሬታዎች የገበሬ ሰበብ ብሎ የሚያልፋቸው ባለሙያ ብዙ ነበር። ጥናቶቹ ግን ደጋግመው መዝግበዋቸዋል።

ምርታችሁ ይጨምራል ተብሎም ነበር። በሁርኒ መሪነት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች፣ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና ሌሎቹም፣ ይህን ለክተውታል። ሄርቬግና ሉዲ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የለቀሙት ውጤት ሁለት ፊት አለው። እርከኖቹ የሚሸረሸረውን አፈር በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ባለው ዓመት ውስጥ ግን የሰብል ምርት አልጨመሩም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም የድንጋይ እርከን ዝናብ አጠር በሆነው በትግራይ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ እንደሚክስ፣ ዝናብ በሚበዛበት የአማራ ደጋ ግን እንዲያ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ በአንጀኒ ላለ ገበሬ የተነገረው ተስፋ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነበር። በእነዚያ ዓመታት የሚጎድለውን እህል የሚተካ ክፍያ አልታሰበም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። በዚህ ላይ ገበሬው መሬቱ ነገ የእሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበረም። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ መሬትን ሊሸነሽን፣ ሊያሸጋሽግ ይችል ነበር፤ መንደር ምሥረታም መጣ፤ የአምራቾች ማኅበርም ጥሩ ጥሩውን መሬት ወሰደ። ዘንድሮ የካበውን እርከን ከርሞ ሌላ ሰው ሊያርሰው እንደሚችል ያውቅ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ የአምራቾች ማኅበራቱ ባጭር ጊዜ ተበተኑ፤ በግንቦት 1983 ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። ከልካይ ሲጠፋ የማኅበረሰብ ደኑ ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም ተናደ። ሁሉም ከሥሩ አልናደውም፤ አንዳንዱ አንዱን መስመር ትቶ ቀጣዩን አፍርሶ የእርሻውን ስፋት ወደሚመቸው መለሰ። ይህ ጥላቻ ሳይሆን እርማት ይመስለኛል። አስቀድሞ የጠየቀው ቢኖር መስመሮቹን አራርቆ ራሱ ይቀይስ ነበር።

በክፍያው ውስጥ ሌላም ስንጥቅ ነበር። ስንዴ የሚሰፈረው በአዲስ ኪሎ ሜትር ነበር። የፈረሰውን የጠገነ፣ የደረሰውን ችግኝ ከፍየል የጠበቀ፣ ቦዩን ከደለል የጠረገ ሰው የሚያገኘው እምብዛም ነበር። እንደዚያ ሲሆን የተናደ እርከን ኪሳራ መሆኑ ይቀርና የከርሞ ሥራ ይሆናል።

በጥር 1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚህ አንዳንድ ነገር ተምሯል። ዕቅዱ በተፋሰስ ሆነ፤ የቀበሌው ሰው የሚሠራውን ይመርጥ ተባለ፤ የሥራው ወራት ከእርሻ ጋር እንዳይጋጭ ከጥር እስከ ሰኔ ተደረገ፤ ሥራው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ተብሎ ተሰላ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል፣ በኋላም ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታቀፈ። ክፍያው ግን ያው የቀን ክፍያ ነበር፦ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር። 6 ብር ሲተመን ያንኑ 3 ኪሎ እንዲገዛ ታስቦ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል ክፍያው 8 ብር፣ ቆይቶም 10 ብር ሆነ፤ ገበያው ግን ቀድሞት ሄዷል። ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን ያለው ተጠቃሚ ብዙ ነበር።

ሴፍቲኔትን ስለ አፈር ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የተፈጠረው ሰው እንዳይራብ ነው፣ በዚያም ብዙ ነፍስ አትርፏል። ችግሩ ለአፈር ጥበቃ ያለን ትልቁ ገንዘብ በረሃብ ካርታ ላይ መሰፈሩ ነው። ሴፍቲኔት ምግብ ወደሚያጥራቸው ወረዳዎች ይሄዳል፤ አፈር ደግሞ በብርቱ የሚሸረሸረው ብርቱ ዝናብ ባለበት፣ «ትርፍ አምራች» በተባለው ጎጃምና መሰል ቦታ ጭምር ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2001 ገደማ በዓለም ባንክና በጀርመን ድጋፍ የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም በዝናባማዎቹ ተፋሰሶች ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ ከሴፍቲኔቱ ጎን ጭራሽ ክፍያ የሌለበት ሥራ መጣ። ትግራይ ቀደም ብላ የለመደችው የነፃ ጉልበት ሥራ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብም ዘመቻ ሆነ። በየዓመቱ ቢያንስ 20 ቀን፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 60 ቀን፣ ገበሬው ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። ውጤት አልታየም ለማለት አይቻልም። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ ደርቀው የነበሩ ምንጮችን መልሶ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታትን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ግን ልብ በሉ፤ ደርግ ለዶማው እንኳ ይከፍል ነበር። በዘመቻው ለዶማውም ለመሬቱም የሚከፈል የለም፣ ባለማሳው የሚያጣው 120 ኪሎ ግን እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ኮንሶን የሚጠቅስ አንባቢ አይጠፋም። የኮንሶ ሰዎች እስከ 5 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ እርከን ከ20 ትውልድ በላይ ሲያድሱ የኖሩት ማንም ስንዴ ሳይሰፍርላቸው ነው፤ ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እውነት ነው። ነገር ግን የኮንሶ ምድር ደረቅና ድንጋያማ ነው፤ እርከኑ ውኃውን ካልያዘ ማሽላው አይበቅልም። ገንቢው ትርፉን ራሱ፣ በዚያው ዓመት ይበላዋል፤ መሬቱንም ለልጁ እንደሚያወርስ ያውቃል። ይህ በሌለበት «እነሱን ምሰሉ» ማለት ከምክርነት አያልፍም።

ስለ ማውረስ ካነሣን፣ የአፈር ጥበቃ ድጋፍ ተብሎ የማይቆጠር አንድ ትልቅ ድጋፍ አለ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። ትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀመረች፤ ሌሎቹ ክልሎች ተከተሉ። በትግራይ የተደረገ ጥናት ደብተር የያዙ ገበሬዎች እርከናቸውን ይበልጥ እንደሚጠግኑ አግኝቷል። ደብተሩ ግን ሁሉን አይፈታም። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 ከመቶ በላይ የሆነ ቁልቁለት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽም እንዳይገባበት ከለከለ፤ ከ31 እስከ 60 ከመቶ ያለውም ጠረጴዛማ እርከን ሳይሠራበት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት አለ። የቻይናው 25 ዲግሪ በዚህ አቆጣጠር 47 ከመቶ ገደማ ነው። እነሱ እዚያ ላይ የሚያርሰውን ሰው እህል ሰጥተው አወረዱት፤ እኛ ያለ ጠረጴዛማ እርከን እንዳያርሰው በአንቀጽ ከለከልነው። ገደል ላይ ገብስ የሚዘራ ሰው ሌላ መሬት ቢኖረው ገደል ላይ አይወጣም ነበር።

ለውጤት መክፈል በእኛ አገር አይሆንም የሚል ካለ ወላይታ፣ ሁምቦን ይይ። ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በይዞታነት ተሰጠ። ማኅበራቱ አካባቢውን ከንክኪ ነፃ አድርገው፣ ከተቆረጡ ግንዶች ሥር የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ ደኑን መለሱት። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ነው፤ የመጣውም ደኑ መብቀሉ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በቆፋሪ ቁጥር ክፍያ የለም፤ ዛፉ ከሌለ ገንዘቡም የለም።

በእርከንም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ከዛሬው ሴፍቲኔት የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። ሲባጎውን የያዘው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ የቆመውን ይለካል፤ ለቆመው ለባለማሳው ይከፈላል፣ በእርከኑ ላይ ደሾ የሚባለውን ሣር ለተከለና አጭዶ ለሚመግብ ይጨመርለታል። ክፍያው ምርቱ እስኪያገግም ላሉት ዓመታት ብቻ ነው። በሄክታር 120 ኪሎ እህል ለአምስት ዓመት 6 ኩንታል ነው፤ በቀን ሒሳብ የሚሰፈረው በዚህ ከተተካ፣ አንድ ጊዜ ሠርቶ፣ አፍርሶ፣ እንደገና ለመሥራት በ3 ኪሎ ስሌት ከሚወጣው 9 ኩንታል ያንሳል።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ የሚል ዜና ይሰማሉ። የእርስዎ ወረዳ ሲጠራ ኃላፊዎቹን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አምና ከተሠራው ስንቱ ቆሟል? ላቆመውስ ሰው ምን ተሰጠው?